ከባቡር ባንዲራ የተሰፋው መቀነት

ድሬዳዋ
ግንቦት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለማዘንጊያ
ጅቡቲ

ማዚዬ፣ የኔ ዓለም፤

ሰላምታዬ ከሙቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። እዚህ ድሬ ግንቦት አናታችንን እያነደደው ነው፤ ያንቺው አገር ይብሳል ሲሉ ስለሰማሁ ግን ማማረሩን ትቼዋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሠላሳ አንድ ዓመት ሐዲድ ዳር ቆሞ ባቡር ሲያሳልፍ ስለኖረ ቢያኮርፍ አልፈርድበትም። አክስትሽን ተሻለችን ሳሚልኝ። የላከችልኝ ሽርጥ ደርሶኛል፤ እሱን አገልድሜ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ያየኝ ሁሉ የጅቡቲ ነጋዴ እያለ ይስቅብኛል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ፖስታ ቤት ደብዳቤ እየተከፈተ ይነበባል ይባላል፤ እውነት ይሁን ሐሜት እንጃ፣ ግን ይህን ካንቺ በቀር ማንም እንዲያየው አልፈልግም። የምታመጣልሽ ሃሊሞ ናት፣ ያቺ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭና በባቡር የምትመላለሰው። ፊደል አትቆጥርም፤ ብትቆጥርም የሰው ገመና የምትገልጥ ሴት አይደለችም። ስታነቢው ብቻሽን ሁኚ። አክስትሽም ብትሆን አጠገብሽ አትቀመጥ።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ፎቶ አንሺው ሣህሉ ታስሯል። የታሰረው ልጆችን ሊነሱት የማይገባ ፎቶ እያነሳ ሲሸጥ ተገኝቶ ነው። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎታል፤ የቀረው ስንት ዓመት ይታሰር የሚለው ነው፣ እሱም ግንቦት 28 ቀን ይነበባል። ከዚያ ቀን በፊት ካንቺ አንድ ቃል እፈልጋለሁ። ምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። አባትሽ ነገር ሲያወራ አዲስ አበባ ለመድረስ በጅቡቲ እንደሚዞር ታውቂያለሽ፤ ዛሬ የምዞረው ግን ልማድ ሆኖብኝ ብቻ አይደለም፣ ፈርቼም ነው።

ድሮ ስጽፍልሽ «ትዝ ይልሻል?» እያልኩ ነበር የምጀምረው። ዛሬ ያንን ልጽፍ ስል እጄ ይያዛል። ቢሆንም የጥንቱን ድሬ ሳላነሳ ይህን መናገር አልችልም፣ ምክንያቱም ነገሩ ተደብቆ የኖረው እዚያው መልካሙ ዘመን መሃል ነው።

ዕንቁጣጣሽ ሲሆን ገዚራ ሰፈር እንዴት ያምር ነበር! ዛፎቹ መንገዱን ግራና ቀኝ ስለሚያለብሱት ከለገሃር ተነስተን ፀሐይ ሳትነካን እንሄድ ነበር። ጋሪዎቹ ቃጭል ታስሮላቸው፣ ፈረሶቹ ሳይቀሩ በዓሉ የገባቸው ይመስል አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲሰግሩ! ጣፋጩን ሙሸበክ የሚጠብሰው ሰውዬ ገና ከሩቅ ሲሸተን አንቺ እጄን ጎትተሽ «አባባ፣ አንድ ብቻ» ትያለሽ፤ እናትሽ «ቀሚሷን ስኳር ልታስነካው ነው» ብላ ትቆጣለች፤ እኔ ገዝቼልሽ ሁለታችንም ቁጣዋን እንቀበላለን። ነፍሷን ይማርና ወለተ ጊዮርጊስ ስትቆጣ እንኳ ደስ ትል ነበር። ዒድ ሲመጣ ደግሞ ያው ሰልፍ በጎረቤቶቻችን ልጆች ይደገማል። የማንም በዓል ይሁን፣ አዲስ ልብስ የለበሰ ልጅ ሁሉ መጨረሻው አንድ ቦታ ነበር፤ ሣህሉ ፎቶ ቤት።

ያ መጋረጃ! ባሕር የተሳለበት፣ ነጭ ጀልባና ሁለት ዘንባባ ያለበት። ባሕር አይተን የማናውቅ የሐዲድ ሰዎች እሱ ፊት ቆመን ባሕረኛ መስለን ተነስተናል። እኔና እናትሽ የተጋባን ጊዜ የተነሳነውም እዚያው ነው። እሷ «ውሃው ጫማዬን አራሰው» እያለች ስትስቅ ሣህሉ ሦስት ጊዜ ፎቶውን አበላሸ፣ በአራተኛው ተሳካ። አሁን አንቺ እውነተኛው ባሕር ዳር ትኖሪያለሽ። እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው የጨርቁን ነው።

ሣህሉ ወዳጄ ነበር። ይህንንም ሳልደብቅ ልጻፈው። በ1970 ቀበሌ አስሮኝ የነበረ ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳህን ተሸክመሽ በሩ ላይ ቆመሻል። ከእኔ ጋር ከታጎሩት ስንቱ ተጠርቶ ወጥቶ ቀረ። እኔን ያዳነኝ የዕድራችን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ቤት ለቤት እያንኳኳ ያስፈረመው ደግሞ ሣህሉ ነው። በዚያ ወራት ለታሰረ ሰው መፈረም ማለት ራስን ማስመዝገብ ነበር፣ እሱ ግን መጀመሪያ ራሱ ፈርሞ ነው የዞረው።

በኋላ የዕድሩ ሰብሳቢ አድርገው ሲመርጡኝ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። ከዕድራችን ሰው ታሰረ ከተባለ የመልካም ጠባይ ደብዳቤ ጽፎ ማኅተም መምታት፤ ምን አድርጎ ነው ብሎ አለመጠየቅ። ያኔ መጠየቅ ሰው ያስበላ ነበር፣ አለመጠየቅ ደግሞ ደግነት ነበር። ዘመኑ ጋብ ሲልም ልማዱን አልተውነውም። ማኅተሙ በመሐረብ ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ነበር የሚውለው፣ ታስታውሺው ይሆናል፣ ልብስ ስታጥቢ ሁለት ጊዜ ውሃ ውስጥ ነክረሽብኛል።

እንግዲህ ባለፈው ታኅሣሥ ፊናንስ ፖሊሶች ወደ ጅቡቲ በሚሄደው ባቡር ላይ የሣህሉን ጥቅል ያዙ። ድሬን ታውቂያታለሽ። ፊናንስ ያዘው ከተባለ ነገሩ ኮንትሮባንድ ነው፤ ሲጋራ፣ ሽቶ፣ የጃፓን ጨርቅ። ኮንትሮባንድ ደግሞ እዚህ ነውር አይደለም፣ ዕድለ ቢስነት ነው። የዕድራችን ጸሐፊ ዑመር ደብዳቤውን ጽፎ አመጣልኝ።

«ምን ይዞ ነው?» አልኩት ለወጉ ያህል።

«አቦ ገብሬ፣ ምን ያደርግልሃል? ወላሂ እኔ ራሴ የለበስኩት ሸሚዝ ቀረጥ አያውቅም» አለኝ።

ሳቅን። ማኅተሙን ከመሐረቡ ፈታሁና እፍ ብዬበት መታሁት። ደብዳቤው ሣህሉ ሃያ ስምንት ዓመት በመካከላችን የኖረ፣ በጠባዩ የተመሰገነ፣ ሕፃናት የሚወዱት ሰው ነው ይላል። ሕፃናት የሚወዱት የምትለዋን ያስጨመርኳት እኔ ነኝ፤ ዑመር ረስቷት ነበር።

በሳምንቱ ሀዎ መጣች፣ ወተት የምታመጣልን። ሁልጊዜ ዘው ብላ የምትገባው ሴትዮ ያን ቀን በሩ ላይ ቆመች።

«ገብሬ፣ ለዚያ ሰው ማኅተም መታህ አሉኝ። አንተ ሴት ልጅ የለህም?»

ድሬ ትልቁንም ትንሹንም አንተ እንደምትል እያወቅሁ ያን ቀን አንገበገበኝ። «ልጄን ደግሞ ምን አመጣት?» አልኳት።

«የኔዋ አሥር ዓመቷ ነው» አለችና የወተት ዕቃዋን መሬት አስቀመጠች። ልትቀጥል ስትል ቀደምኳት። «ነገር ካለሽ ለፖሊስ ንገሪ እንጂ ለወተት ደንበኛ ምን ይነገራል?» አልኩ።

«ለፖሊስማ ነግሬአለሁ» አለችና ወተቱን ሳትቀዳልኝ ሄደች። እስከ ዛሬም ተመልሳ አልመጣችም። ይገባኛል። ያኔ ግን ነገሩ በዝግ ችሎት ስለሚታይ የሰማነው ወሬ ብቻ ነበርና፣ የሰው ስም ለማጥፋት ነው ብለን ወሬውን ተፋነው። ማዚዬ፣ ሰው ሊነግረኝ በሬ ድረስ መጥቶ እኔ ነኝ ያባረርኩት።

ሚያዝያ 30 ቀን ፍርድ ቤት ጠራኝ። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ቀርቦ በቃሉ ያጽናው ብለው ነው። ኮቴን ለብሼ፣ ማኅተሙን ደረት ኪሴ ከትቼ ሄድሁ፤ ሠርግ የተጠራሁ ነበር የምመስለው። ክሱን የሰማሁት እዚያ ቆሜ ነው። ጥቅሉ ውስጥ የነበረው ሲጋራ አልነበረም። ምን እንደነበረ እዚህ አልጽፈውም፣ አንቺም እንድታነቢው አልፈልግም። ጥቅሉ የሚሄደው ደግሞ አንቺ ወዳለሽበት አገር ነበር።

ጠበቃው ተነስቶ ቅጣቱ ይቅለልለት አለ። ከዚህ በፊት ተከስሶ አያውቅም። የታወቁት ልጆች ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም የተነሱት የዛሬ ዓመት ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝበት አንድ ጊዜ ሰይጣን አሳስቶት ነው። ፎቶ ማለት ወረቀት ነው፣ ወረቀቱም ተይዟል። እንዲህ እንዲህ ካለ በኋላ የእኔን ደብዳቤ አንስቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሕፃናት የሚወዱት የሚለው ጋ ሲደርስ አንገቴን ደፋሁ።

ዐቃቤ ሕጓ ካንቺ እምብዛም የማትበልጥ ቀጭን ልጅ ናት። ስትናገር አትጮኽም።

«የተያዘው ወረቀት ተይዟል» አለች። «ቀድሞ የተሸጠውን ግን ማን ይሰበስበዋል? እነዚህ ልጆች አድገው፣ ወልደው ከብደው እንኳ ያ ፎቶ በማያውቁት ሰው እጅ ይኖራል። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሲለካ ይህንንም አብሮ ይለካልኝ።»

የመሃል ዳኛው፣ ሽበት የወረሰው ሰው ነው፣ ብዕሩን አስቀመጠ። «አንድ ጊዜ ነው ወይስ ልማድ? ቅጣቱን የሚያከብደውም የሚያቀልለውም እሱ ነው። ማስረጃ አለሽ?» አላት።

እሷም ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተች። ፖሊስ ከፎቶ ቤቱ ያገኘው ነው። ፎቶ አልነበረበትም፤ የልጆች ዕቃ ነበር። የፀጉር ሪባን፣ የመዳብ አምባር፣ አንድ ነጠላ ካልሲ። «አንዳንዱ ከማርጀቱ የተነሳ ቀለሙ ለቋል፣ ይህ የአንድ ዓመት ነገር አይመስልም። ባለቤቶቹ ግን አልታወቁም» አለች። አንድ በአንድ እያነሳች አሳየች። አራተኛው አረንጓዴ ጨርቅ ነበር፣ ጫፉ ላይ የደበዘዘ ጥቁር ማኅተም ያለበት።

ልጄ፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ወንበር አምጡለት ሲሉ እሰማለሁ፣ ማን እንደሚል ግን አላውቅም።

እንደዚያ ያለ ጨርቅ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ። የምልክት ባንዲራዬ አርጅቶ አዲስ ሲሰጠኝ አሮጌውን መመለስ ነበረብኝ፤ ተቀዷል ብዬ እቤት አስቀረሁት። እናትሽ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በዚያች ሲንጀር መኪናዋ ጠርዙን ቀምቅማ ለቢጫው ቀሚስሽ መቀነት አደረገችው። ጫፉ ላይ ሲ ኤፍ ኢ የሚለው የባቡር ኩባንያው ማኅተም በጥቁር ቀለም ታትሞ ነበር። ቁረጪው ስላት «ይታይ፣ የባቡር ልጅ መሆኗን ሰው ይወቅ» ብላ እምቢ አለች። አንቺም ግቢውን እየዞርሽ ጫፉን ታውለበልቢና «ባቡር እለፍ! መንገዱ ደኅና ነው!» ትዪ ነበር። እንዲህ ማለት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

የ1967 ዕንቁጣጣሽ ነው፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው። እናትሽ ታማ ተኝታለች። እኔ ተረኛ ነበርሁና ጣቢያ መግባት ነበረብኝ። ቀትር ነው፤ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ የሚተኛበት ሰዓት። «ሂጂ፣ ጋሽ ሣህሉ ሳይጨናነቅ ያነሳሻል፣ ነግሬዋለሁ» ብዬ የላክሁሽ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። የላክሁሽ እኔ ነኝ። ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝሁት፤ አሁን ግን ይቆይ።

ከሥራ ስመለስ መቀነቱ ወገብሽ ላይ የለም። የት አደረግሽው አልኩሽ። ደግሜ ስጮኽብሽ «ደቻቱ ላይ ጣልኩት» አልሽ። እኔ ደግሞ የኩባንያ ማኅተም ያለበት ጨርቅ ሰው እጅ ገብቶ ሌባ ተብዬ እንጀራዬን ላጣ ነው ብዬ ፈራሁ። በቀበቶዬ መታሁሽ። አላለቀስሽም። እልኸኛ ብዬ ጨመርሁልሽ። በማግስቱ እጅሽን ይዤ ደቻቱ ወረድን፣ ወንዙ ደርቆ አሸዋው እግር ያቃጥላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አስፈለግሁሽ። አንቺም ፈለግሽ። እዚያ እንደሌለ እያወቅሽ ጎንበስ ብለሽ በእጅሽ አሸዋ እየዛቅሽ ፈለግሽ። አንድ ጊዜ ቀና ብለሽ አየሽኝ፤ ያን ጊዜ የደከመሽ ነበር የመሰለኝ።

ወደ ችሎቱ ልመለስ። ውሃ አጠጥተውኝ ስነሳ የመሃል ዳኛው ጠየቀኝ።

«አቶ ገብረ መድኅን፣ ደብዳቤዎን ያጸናሉ?»

«አላጸናም።»

«ምክንያትዎ?»

ስምሽ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥሁት። ያንቺን ነገር አንቺ ሳትፈቅጂ እንዴት ብዬ ለሰው ልስጥ? «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ክሱ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው የፈረምሁት። ሃያ ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ ብያለሁ፤ አላውቀውም ነበር። ማኅተሙን አንሱልኝ» አልኩ። ዳኛው ደብዳቤው ለማቅለያ እንዳይቆጠር አዘዘና ጸሐፊው መዘገበው።

ዘወር ብዬ ሣህሉን አየሁት። እሱ እኔን አላየኝም፤ የሚያየው አረንጓዴውን ጨርቅ ነበር። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን፣ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። እስከዚያች ደቂቃ ምናልባት ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ምናልባት አላልኩም።

ኮሪደር ላይ ዐቃቤ ሕጓ ተከትላኝ ወጣች። «አባቴ፣ ያንን አረንጓዴ ጨርቅ ያውቁታል?» አለችኝ። አላውቀውም አልኳት። ሠላሳ አንድ ዓመት በእጄ ይዤው የቆምሁትን አላውቀውም አልኩ። አልተጫነችኝም። «የሚያውቀው ሰው ካለ ይንገሩልኝ» አለች። «በአደባባይ አይቆምም፣ ስሙም አይጠራም። ሩቅ አገር ያለ እንኳ ቢሆን በእጁ ጽፎ ቢልክ ለዳኞቹ አቀርበዋለሁ። ጨርቁ የመቼ እንደሆነ ከታወቀ አንድ ጊዜ ነው የሚለው ነገር ይፈርሳል።» ስንት ዓመት ይጨምርበታል ብዬ ብጠይቃት ያንን የሚያውቁት ዳኞቹ ናቸው፣ ግን ልዩነቱ ቀላል አይሆንም አለችኝ። ሩቅ አገር ያለ ያለችው አውቃ ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ማኅተሙን ለዑመር አስረከብሁ። ማንም አላስገደደኝም። «አቦ ተው እንጂ ገብሬ፣ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም?» ብሎ አለቀሰ። ከዕድሩ የሚያኮርፈኝ ሞልቷል። የሣህሉ ሚስት ቦጋለች ቤቴ ድረስ መጥታ «ከሞት አፍ ያወጣህን ሰው እንዲህ ትረሳዋለህ?» አለችኝ። አልረሳሁትም። ብረሳውማ ይቀለኝ ነበር። ለእኔ የፈረመው እጅና ያንን ያደረገው እጅ የአንድ ሰው መሆኑን እንዴት አድርጌ ልሸከመው? ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጥታ ሄደች። እሷም ምስኪን ናት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እየዞርሁ አንቺን አስታውሳለሁ። ያ የዕንቁጣጣሽ ፎቶሽ አሥራ አንድ ዓመት ሳሎን ተሰቅሎ እንግዳ ሁሉ ሲያደንቀው «የባቡር ንግሥት» እያልኩ እኩራራ ነበር። አንቺ ግን ምሳ ስንበላ ሁልጊዜ ጀርባሽን ለዚያ ግድግዳ ሰጥተሽ ነበር የምትቀመጪው። እናትሽ አንድ ቀን «ይህቺ ልጅ ፎቶው ያስጠላታል» አለችኝ፤ እኔ ቁንጅናዋን ሰው እንዳይበላባት ነው ብዬ ቀለድሁ። ለትምህርት ቤት ካርድ ፎቶ አምጪ ሲሉሽ ሦስት ቀን አሞኛል ብለሽ ተኛሽ። እናትሽ በሞተች በሁለት ዓመቱ አክስቴ ጋ ልሂድ ስትዪ ሐዘኑ ከብዷት ነው አልኩ። ባቡር ገና መልካ ጀብዱ ሲደርስ ሐዲዱን ሰምቼ የማውቅ ሰውዬ፣ በገዛ ቤቴ ያለውን አልሰማሁም።

ፎቶውን አውርጄዋለሁ። ጀርባው ላይ በሣህሉ የእጅ ጽሕፈት መስከረም 1 ቀን 1967 ይላል። ፊቱ ላይ መቀነቱ ወገብሽ ላይ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው ማኅተምም ይነበባል። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። አዎ ካልሽኝ ኮቴን ለብሼ ያንን ፎቶ ይዤ ሄጄ ዐቃቤ ሕጓ ፊት አስቀምጠውና ጨርቁ የእኛ ነው እላለሁ። የፈለግሽውን ያህል ጽፈሽ ብትልኪ አብሬ አደርሳለሁ፣ አንድ መስመርም ቢሆን። አይ ካልሽ ፎቶው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፣ እኔም እስክሞት ጨርቁን አላውቀውም። ዝም ካልሽም አይ ማለትሽ ነው ብዬ እይዘዋለሁ፤ ደግሜ አልጠይቅሽም፣ አልቀየምሽምም። ስለ ሀዎ ልጅ ብለሽ ወይም የአባቴ ሕሊና ይረፍ ብለሽ አታድርጊው። ተሳስቼም ከሆነ፣ እውነት ደቻቱ ላይ ጥለሽው እሱ ከአሸዋ አንስቶት ከሆነ፣ ያንንም ጻፊልኝ፤ አምንሻለሁ። እንዲያ ቢሆን እንዴት በወደድሁ። አንድ ጊዜ ሳልሰማሽ ፈረድሁብሽ፤ ከእንግዲህ አንቺን ሳልሰማ ምንም አልፈርድም። ሃሊሞ ሰኞ ተሳፍራ በሳምንቱ ትመለሳለች። መልስ ቢኖርሽ በእጇ ስጫት።

እናትሽ ማዘንጊያ ስትልሽ ካንቺ በፊት የሞተውን ወንድምሽን እንድታስረሺያት ነበር። የሰው ሐዘን እንድታስረሺ ስም አወጣንልሽ፤ ያንቺን ማን ያስረሳሽ ብለን ግን አላሰብንም።

መቀነቱን አልጣልሽውም ነበር፣ ልጄ። አሁን አውቄአለሁ። የመታሁሽን ይቅር በዪኝ።

የእናትሽ አምላክ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። ክፉ ዓይን አይይሽ። የምትቆሚበት ሁሉ ጥላ ይሁንልሽ፣ ባሕሩም ቀዝቃዛ ነፋስ ይላክልሽ። እኔ ያላየሁልሽን አምላክ ይይልሽ።

አባትሽ
ገብረ መድኅን

ከፈረምሁ በኋላ የታወሰኝ። አምስት ዓመት ሙሉ በየደብዳቤዬ መጨረሻ «መልክሽ ጠፋኝ፣ ፎቶሽን ላኪልኝ» እያልኩ ስነዘንዝሽ ነበር። አንቺም ሁልጊዜ «ፎቶ ቤቱ ሩቅ ነው አባባ» ትዪኝ ነበር። ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። መምጣት ያሰኘሽ ቀን ለሃሊሞ ንገሪያትና ለገሃር ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ባንዲራውን ጡረታ ስወጣ ተቀብለውኛል፤ እጄን አውለበልባለሁ።